ጎንደሬ መንገድ ሲሻገር

የጎንደር እግረኛ የትራፊክ ምልክት አያከብርም የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። አያከብርም? እኛ ከማክበር በቀር ምን እናውቃለንና! ነገሩ፣ ከምልክቱ በፊት የሚከበር ሰው መኖሩ ነው። ታላቅን ቀድሞ ከማለፍ በመኪና መገጨት ይሻላል።

ከአዲስ አበባ የተመደበልን ትራፊክ ፖሊስ ይህን ያወቀው ፒያሳ መስቀለኛው ላይ ነው። በገበያ ቀን መኪኖቹን አቁሞ ለእግረኛው «እለፉ!» ሲል፣ ከማክሰኝት የመጡት አያ ታከለና የሰፈራችን ቄስ መምሬ አድማሱ ጠርዙ ላይ ቆመዋል።

«አያ ታከለ፣ ይቅደሙ።»

«ምነው መምሬ! ካህን ቀድሜ?»

«ሽበትዎን ቀድሜማ አልሻገርም!»

ሲግደረደሩ የፖሊሱ የእጅ ምልክት ተቀየረ፤ መኪኖቹም ተንቀሳቀሱ። ሁለቱ ተስማምተው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው አስፋልቱ ውስጥ የገቡት ይኼኔ ነው። ፊሽካው ፒያሳን አናወጠው። ፖሊሱ በሩጫ መጣ።

«ጓዶች! ይህ የአብዮታዊ ዲሲፕሊን ጉድለት ነው! ወደ ጣቢያ፣ ቅደሙ!»

አያ ታከለ ደነገጡ። «እንግዳ ቀድመን? ምን በደልኸን ልጄ? አንተ ቅደም እንጂ!»

ቢቆጣም ቢለምንም አልሆነለትም። ፊት ፊት እየመራ ሄደ፤ ሽማግሌዎቹ በክብር ተከተሉት።

መስቀለኛው ያለ ፖሊስ ቀረ። መኪኖቹ ከአራቱም አቅጣጫ ተፋጠዋል። «አሁን ተላለቁ!» ስል፣ ከአይከል የመጣው የጭነት መኪና ሹፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ለአውቶቡሱ እጁን ዘረጋ።

«በሞቴ፣ አንተ ቅደም!»

የአውቶቡሱ ሹፌር ሞተሩን አጠፋ።

«አላደርገውም!»