የጋሼ ታደሰ መርከብ ስንት ሰዓት ነው የሚሄደው?

ለእኔ እውነተኛውን ሰዓት የሚነግረኝ ሰው የለም። እውነቴን ነው። ባለቤቴ ሰናይት ሠርጉ ስምንት ሰዓት ከሆነ "ስድስት ነው" ትለኛለች። አንድ ጓደኛዬማ የቅዳሜውን ድግስ "ዓርብ ነው" ብሎ ጠራኝ። ደግነቱ ቅዳሜ ደረስኩ። እነሱ ያረፍዳል ብለው ሰዓት ይሰርቁኛል፤ እኔ ሰርቀውኛል ብዬ እጨምርበታለሁ። ማን እንደጀመረው እንኳ አናውቅም። ይሄ ነገር መርከብ ድረስ ያመጣብንን ጣጣ ልንገራችሁ።

ጋሼ ታደሰ የእናቴ ወንድም ናቸው። አዲስ አበባ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው፣ ሰዓታቸውን እያዩ የሚያዘጉ ዓይነት። ያውም የእጅ ሰዓታቸው ሆን ተብሎ ግማሽ ሰዓት ወደፊት ተደርጎ የተሞላ ነው። "ለጥንቃቄ" ይላሉ። እኔም እዚያው ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት። ከበሩ ውጪ ቆሜ ነው ያደግኩት ብል ይሻላል።

ልጃቸው ሂሩት ሲድኒ ናት። ሊጠይቋት መጡና የመርከብ ሽርሽር ትኬት ቆረጠችላቸው። መርከቡ ከሲድኒ ተነሥቶ ሜልበርን አንድ ቀን ይቆማል፣ ከዚያ ወደ ታዝማኒያ ይቀጥላል። የጋሼ ሐሳብ ግን ሽርሽሩ አልነበረም። ሜልበርን ዳር፣ ሜልተን የሚኖሩ ታላቅ እህት አሏቸው፤ እትዬ አሰለፈች። ከተያዩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ጋሼ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት አገር ቤት ይመለሳሉ። በዚህ ዕድሜ፣ ዛሬ ካልተያዩ መቼ ሊተያዩ ነው?

መርከቡ የራሱ አስጎብኚ አውቶቡስ ነበረው። ሂሩት "ካንጋሩ ነው የሚያሳዩት፣ አክስቴን አያሳዩም" ብላ ተወችው። አንተ በግልህ ትወስዳቸዋለህ አለችኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። በመርከቡ አውቶቡስ የሄደ ሰው ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል። በግሉ የሄደ ቢዘገይ ግን ጥሩንባውን ነፍቶ ጥሎት ይሄዳል። ሂሩት ይሄን ሦስት ጊዜ ደጋግማ ነገረችኝ። መመለሻው ዘጠኝ ሰዓት ነው አለች። ለአባቷም ደብተራቸው ላይ በትልልቁ ጻፈችላቸው፤ ጆሯቸው ደከም ስላለ በመርከቡ ማይክራፎን የሚነገረውን አይሰሙም።

እኔስ ሞኝ ነኝ? ለሰናይት "ስምንት ሰዓት ነው" አልኳት። ለእትዬ አሰለፈችም እንደዚያው። ማርፈዱን ከማን የወረስኩት ይመስላችኋል? እትዬን ለወደቡ ቀረብ ወዳለው ፖይንት ኩክ፣ እኛ ቤት መጥተው ይጠብቁን ብንላቸው ሞቼ እገኛለሁ አሉ። ወንድሜ ቤቴ ሳይገባ፣ ዶሮዬን ሳይቀምስ?

መርከቡ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሰ። እኔ ሦስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ጋሼ ወደቡ በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። አርባ ሊሞላኝ ነው፤ እንደ ተማሪ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ። "ዛሬም?" አሉኝ። ተንበርከክ ሊሉኝ ነው ስል አቅፈው ሳሙኝ።

እኛ ቤት ቁርስ ብቻ ነበር የታሰበው። አምስት ሰዓት ላይ ተነሥተን ወደ ሜልተን። ሰናይት ግን ሰዓት እንደምሰርቅ ታውቃለች። "እሱ ስምንት ካለ አሥር ነው" ብላ ጥብሱን የጣደችው ልክ አምስት ሰዓት ላይ። ቁርሱ ምሳ ሆነ። በመሃል ጋሼ ልጄን ማርታን ሊፈትኗት ስንት ሰዓት ነው ብለው ጠየቋት። "ዋን ኦክሎክ" አለቻቸው። እንዴት ያለ ትምህርት ነው የምታስተምሯት፣ በጠራራ ፀሐይ አንድ ሰዓት ትላለች ብለው አሾፉብኝ። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። ሰባት ሰዓት ሆኗል ማለት ነው።

ሜልተን ለመድረስ አርባ ደቂቃ። ከሜልተን ወደቡ ድረስ ሃምሳ። በመሃል ዶሮ አለ። እትዬ አሰለፈች ቤት ገብቶ በሩብ ሰዓት የወጣ ሰው አለ እንዴ? "ልነሳ" ብሎ ለመነሳት ብቻ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሰናይት ሰዓቱን ስታይ፣ መርከቡ ካመለጣቸው ታዝማኒያ ድረስ እየዋኘህ ታደርሳቸዋለህ አለችኝ።

ጋሼ ሰሃናቸውን ገፍተው ተነሡ። ከዚያ "ዕድሜዬን ሙሉ በአርፋጅ ላይ በር ሳዘጋ ኖሬ፣ ዛሬ በእኔ ላይ ሲዘጋ አላይም። ወደ መርከቡ" አሉ። ለእትዬ ደወልኩና አልደረስንም፣ ይቅር ይበሉን አልኩ። "እሺ" ብለው ዘጉት። እሺ ብቻ! እትዬ በአንድ ቃል ስልክ ሲዘጉ ያን ቀን ገና ማየቴ ነው።

ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ወደቡ ደረስን። የበሩ ጥበቃ አየንና ምን አስቸኮላችሁ፣ መግቢያው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው አለን። አሥራ አንድ! ለሂሩት ደወልኩ። የምትወስዳቸው አንተ ስለሆንክ ሁለት ሰዓት ቀነስኩበት አለችኝ። ምንም አላፈረችም። ከሁላችንም ለእውነቱ የቀረበችው ጥብስ ስትጠብስ የነበረችው ሰናይት ናት ማለት ነው።

ወደ ሜልተን ልንበር መኪና ውስጥ ገባን። ለእትዬ ደወልኩ፤ አይነሳም። ደግሜ ደጋግሜ ደወልኩ፤ አይነሳም። ጋሼ "ተቀይማለች። አሁን ብንሄድም ተቀይማ ወጥታለች፣ መንገዱም ይዘጋብናል። ውረድ" አሉ።

ባሕሩ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልን። "ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት የምትወስደኝ እሷ ነበረች" አሉ ዓይናቸውን ከባሕሩ ሳያነሡ። "አንድ ቀን በሰዓቱ አድርሳኝ አታውቅም። በየቀኑ በሩ ላይ አለቅስ ነበር።" ለምን ዳይሬክተር እንደሆኑ ያኔ ገባኝ። ዛሬም ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው፤ እኔ ደግሞ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አሥር ሰዓት ላይ አንድ ታክሲ አጠገባችን ቆመ። ነጂው ኢስማኤል ነው፤ የወሎ ልጅ፣ የእትዬ ጎረቤት። እየሳቀ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ። እትዬ አሰለፈች! ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ አዲስ ነጠላ ለብሰው፣ በጋቢ የተጠቀለለ ድስት ታቅፈው።

ኢስማኤል እንደነገረኝ፣ መንገዱን ሙሉ "እትዬ፣ በነገሩዎት ሰዓት ከሆነ መርከቡ ከሄደ እኮ ቆየ" ሲላቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ "ሐበሻ የተሳፈረበት መርከብ በሰዓቱ ሊሄድ? ንዳ!" ስልኩንስ ለምን አላነሡም? ድስት ይዤ ስልክ ላንሳ እንዴ አሉ።

ወንድምና እህት ተቃቀፉ። ድስቱን ባልይዘው ኖሮ ዶሮው ለዓሣ ሲሳይ ይሆን ነበር። ጋሼ አለቀሱ፣ እትዬ አለቀሱ፣ ኢስማኤል ዞር ብሎ ዓይኑን ጠረገ። እኔማ ጭራሽ አልተቻልኩም። ከዚያ እትዬ ፊታቸውን ጠረግ አድርገው ገላመጡኝ። "ደሞ ዛሬ ምን ሰይጣን ነው በጊዜ ያመጣችሁ?"

እዚያው ወንበር ላይ ዶሮው ተበላ። የባሕር ወፎቹ ዙሪያችንን ተሰለፉ። ጥበቃው እጁን እያውለበለበ ይጠራል፤ እትዬ "አንዲት ብቻ፣ በሞቴ" እያሉ ያጎርሳሉ። ጋሼ ሰዓታቸውን ፈቱና እህታቸው እጅ ላይ አሰሩት። "ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂበታለሽ" አሉ። ከዚያ ጉርሻ ባፋቸው ሙሉ እንደያዙ፣ ከልጅነታቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደሚዘጋ በር ሮጡ። ከመንገደኛው ሁሉ መጨረሻ ገቡ።

እትዬ ሰዓቱን ከእጃቸው አያወልቁትም። ባለፈው እሁድ እኛ ቤት ለሰባት ሰዓት ጠራናቸው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሱ። ሰናይት ልትናገር አፏን ስትከፍት እጃቸውን ዘርግተው ሰዓቱን አሳዩዋት።

"የታዴ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ይቸኩላል" አሉ። "እሱን ብትቀንሺልኝ፣ ያን ያህልም አልቆየሁም።"