ሼህ ሻኪር መጽሐፉን ሲገልጡ

በየሰፈሩ እውነት ካልተናገረ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሰፈር እንዲህ ያለው ሰው ሥጋ ሻጭ ወይም ጡረተኛ ይሆናል፤ የሼሆች ከተማ በሆነችው ነጀፍ ውስጥ የእኛ ሰፈር ግን ዕድል ጠምሞበት ሼህ ደረሰው።

ክቡርነታቸው ሼህ ሻኪር ይባላሉ። ቤታችን በአንድ ግድግዳ ነው የሚዋሰነው። እኔ ከጎናቸው ባለችው ሱቄ የሼሆችን ካባ እየሰፋሁ ከትልቋ ከራዲያ ጀምሮ አምስት ሴት ልጆች አሳድጋለሁ፤ እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የሰው ተስፋ ይቆርጣሉ። ኢስቲኻራ ነው ሥራቸው። ጠያቂው ጉዳዩን በልቡ ይይዛል እንጂ አይናገርም፤ እሳቸው ቁርኣኑን ገለጥ ያደርጉና የወጣውን ገጽ አይተው «መልካም ነው» ወይም «ክፉ ነው» ይላሉ። ሌሎቹ ሼሆች ክፉ ሲወጣ እንኳ ለሰው ያዝናሉ፣ «እስቲ ሰንበት በል» ይላሉ። እሳቸው ወዲያ! ሠርጉ ነገ የሆነውን ሙሽራ «ክፉ ነው» ብለው ድግስ በትነዋል። የሙሽራዋ እናት ጫማዋን አውልቃ ስትመጣባቸው፣ «ያለውን አልኩ። የምትወጂውን ከፈለግሽ ገበያው ያውልሽ» አሏት።

ይሄስ ባልከፋ። አንድ ሐሙስ የገዢው ፓርቲ ሰዎች መጡና በማግስቱ ጁምዓ ለመሪው ረጅም ዕድሜ ዱዓ እንዲያደርጉ አዘዟቸው።

«ቆይ፣ ልጠይቅ» ብለው ገለጡ። መርፌው እጄ ላይ ቀረ።

«ክፉ ነው ይላል። እኔ ምን ላድርግ?»

ኧረ ጉድ ነው! በዚያ ዘመን ለመሪው ፎቶ ጀርባውን የሰጠ ሰው እንኳ የገባበት አይታወቅም ነበር። ሱቄን ዘግቼ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ «ምነው፣ ምን ነካህ?» ብትለኝ «ልጆቹን ወደ ውስጥ አስገቢ» አልኳት።

እውነትም ጁምዓ ዱዓውን ሳያደርጉ ቀሩ። ቅዳሜ ጠዋት የጸጥታው ሹም ሻምበል ሙዝሂር የደንብ ልብሱን አውልቆ ብቻውን መጣ።

«ሼህ፣ ኢስቲኻራ ፈልጌ ነው።»

«በልብህ ያዘው።»

ምን እንደያዘ ማን ያጣዋል? ልሰራቸው ወይስ ልተዋቸው ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል! ከጎናቸው ተቀምጬ ነበርና እግራቸውን ረገጥኳቸው። «ክፉ ነው ይበሉ!» እያልኩ በዓይኔ ለመንኳቸው።

«መልካም ነው» አሉት። «ዛሬውኑ አድርገው።»

ሰማይ ተደፋብኝ። ሻምበሉ ግን ግራ ቀኙን አየና ጎንበስ አለ። «እንግዲያው ይሽሹ ሼህ። ነገ ጠዋት ሊወስዱዎት ይመጣሉ። ‹ልንገራቸው ወይስ ይቅርብኝ› ብዬ ነበር የያዝኩት።» እጃቸውን ስሞ ሄደ።

እኔ እንዳልኩት ዋሽተው ቢሆን ኖሮ የገደልኳቸው እኔ ነበርኩ!

«በሉ ይነሱ!» አልኳቸው። «የገበሬ ልብስ አመጣልዎታለሁ፣ ድንበር የሚያሻግር ሰውም አውቃለሁ።»

«ቆይ፣ ልጠይቅ።»

ሲገልጡ በትከሻቸው ላይ አሰገግሁ። መጽሐፉን ከደኑት።

«ክፉ ነው።»

«እንዴ! አየሁት እኮ ሼህ! ስለ ጀነት ነው፣ ወንዝ ነው፣ ጥላ ነው! ሕፃን ልጅ እንኳ መልካም ነው የሚለው ገጽ ነው!»

«አንተ ካባህን ስፋ» ብለው ተቆጡ። ከዚያ ግን ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ። «የራዲያ አባት፣ እኔን ቢያጡኝ ማንን የሚወስዱ ይመስልሃል? ግድግዳችን አንድ ነው።»

እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እሑድ ጠዋት ሲወስዷቸው ካባቸውን ያለበስኳቸው እኔ ነኝ። አልተመለሱም። ልጆቼን ሁሉንም ዳርኳቸው።

የሰፈሩ ሰው ዛሬም ስማቸው ሲነሳ «ሼህ ሻኪር አንድ ቀን ዋሽተው አያውቁም» ይላል። እኔም «አያውቁም» እላለሁ።