የሜክን ጠባይ አጣሪ ኮሚቴ

በመላው የኢሳን ግዛት ካሉ የመንደር ሹሞች መካከል፣ የሕዝብ ሰላም ከቤት እንደሚጀምር የካምፓንን ያህል የተረዳ አልነበረም። ስለዚህ የገዛ ድመታቸው እጃቸውን በነከሰች ማግስት ነገሩን እንደ ተራ ጭረት ሳያቃልሉ፣ «የቁጡ ድመት ጠባይ አጣሪና መፍትሔ አመንጪ ኮሚቴ» አቋቋሙ። ሰብሳቢው እሳቸው ነበሩ። ከሳሹም፣ ዋናው ምስክርም እንዲሁ።

ድመቷ ሜክ ትባላለች፤ ደመና ማለት ነው። ጠጉሯም ዝናብ ያዘለ ደመና ይመስላል። በዚህ ጥፋቷ ከባድ የሕዝብ ኃላፊነት ወድቆባታል፦ ዝናብ ሲዘገይ በቀርከሃ ሳጥን ተቆልፋ፣ ከበሮ እየተደለቀ መንደሩን ትዞራለች። በየደጁ የቆመ ሰው ሁሉ በባልዲ ውሃ ይደፋባታል። እሷ ትጮሃለች፤ ሰማይ ሰምቶ ይዘንባል። ዘንድሮ ግን ሰማይ ጆሮ ዳባ ልበስ አለና ዙሩ ተደጋገመ። ከመጨረሻው ዙር በኋላ ሜክ የተዘረጋላትን እጅ ሁሉ መንከስ ጀመረች። ምክንያቱ ለኮሚቴው ፍጹም ምስጢር ሆነ።

«ቅናት ይሆናል ጋሼ» አለ አስተማሪው ዊቺያን። «በቅርቡ ቡችላ አምጥታችኋል?»

«የምን ቡችላ! አስተዳደግ ነው» አሉ ሹሙ በሐዘን። «ሚስቴ አሞላቃታለች።»

ሚስታቸው ቡዋሎይ ጓዳ ለሰላጣ ጥሬ ፓፓያ እየወቀጡ ነበር። ሙቀጫው ጸጥ አለ።

«አንተ ሰውዬ! ያ ሁሉ ባልዲ ውሃ አልታየህም?»

«እሱ ባህል ነው። በባህል የሚቆጣ የለም።»

«ባንተ ላይ ተደፍቶ ያውቃል?»

«ከርዕሱ አንውጣ» አለ ዊቺያን፤ ርዕሱም ዳነ።

ኮሚቴው በጥልቀት መርምሮ ችግሩ የሳጥኑ ጥበት መሆኑን አረጋገጠ። ስለዚህ ጥጃ የሚያስገባ ሳጥን ተሠርቶ ሜክ እንደገና ትዞራለች፤ ይህ ሁሉ ምቾት ተደርጎላት ዳግም ከነከሰች ግን፣ የተጣሉ ድመቶች ወደሚውሉበት ከወንዝ ማዶ ወዳለው ገዳም ትባረራለች።

«እሷ ከሄደች እኔም ጠጉሬን ተላጭቼ፣ ነጭ ለብሼ እዚያው ነኝ» አሉ ቡዋሎይ። «ሩዝህን ኮሚቴው ይቀቅልልህ።»

ሹሙ ደነገጡ። እሳት እንኳ አንድደው አያውቁም፤ ዊቺያን ደግሞ የሚበላው እሳቸው ቤት ነው።

በዙሩ ቀን ሕዝቡ ባልዲውን ሞልቶ ተሰለፈ። ተሸካሚዎቹም የሩዝ አረቄያቸውን እንደ ወጉ ቀመሱ፤ ከወጉም ትንሽ አለፉ። ሜክ ግን አዲሱን ሳጥን ስታይ ቡዋሎይ ደረት ላይ ተለጠፈች።

«እንዲያው ምኑ ያስፈራል?» አሉ ካምፓን፣ ትዳራቸውን ለማዳን ቆርጠው። «መሪ በተግባር ያሳያል!» ብለው ጎንበስ ብለው ገቡ። እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። «ይኸው! እንደ ቤቴ ነው!»

መዝጊያው ከኋላቸው ወደቀ። ከበሮው ተመታ። ተሸካሚዎቹም ዘወር ብለው ሳያዩ ሳጥኑን ትከሻቸው ላይ አወጡት።

«አውርዱኝ! እኔ ነኝ!»

የመጀመሪያው ባልዲ አፋቸውን ከፍተው አገኛቸው።

«አይቆጡ ጋሼ፣ ባህል እኮ ነው!» አለ አንዱ ከዳር፣ ሁለተኛውን እየደፋ።

ሹሙ በዚያ መንደር ድመት ጮኻው የማታውቀውን ጩኸት ጮኹ። በቀርከሃው መሃል እጃቸውን አሾልከው የቀረበውን ሁሉ ቧጠጡ። ዊቺያን ሮጦ መጥቶ፣ «ይረጋጉ ጋሼ፣ ልክፈትልዎት» እያለ እጁን ወደ መዝጊያው ሲሰድ ነከሱት።

ያኔ ሰማዩ አጉረመረመ፤ ዝናቡም ወረደ።

ሕዝቡ በደስታ ጨፈረ። ሜክ ከአገልግሎት በክብር መሰናበቷ፣ የሚቀጥለው ዓመት ዙርም ለተሻለ ባለሙያ መሰጠቱ እዚያው ጭቃው ላይ በጭብጨባ ጸደቀ። ዊቺያን የደማ ጣቱን ይዞ፣ «ምን ነካቸው?» እያለ ቡዋሎይን በአይኑ ተማጸነ።

ቡዋሎይ ድመቷን በነጠላቸው ሸፈን አደረጉ።

«ይቅር በለው ልጄ» አሉት። «እኔ ነኝ ያሞላቀቅኩት።»