ከፍ ያለው ዳር የኔ ነው

ደባርቅ ውስጥ ሜዳ ቦታ የት የት እንዳለ ማወቅ ከፈለጋችሁ እኔን ጠይቁኝ። ማዘጋጃ ቤት ድረስ አትድከሙ። ውሻ ነክሶት የሚያውቅ ሰው የትኛው ግቢ ውስጥ ውሻ እንዳለ ይጠፋዋል? እኔም ከሜዳ ጋር እንደዚያው ነኝ። መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው አስፋልት ሜዳ ነው። የገበያው መሃል ሜዳ ነው። የትምህርት ቤታችን የሰልፍ ቦታ ደግሞ፣ የደለደለው ሰው እጁ ይሰበር ልል ነበር፤ ተውኩት፣ የቄስ ልጅ ነኝ።

«ከሜዳ ጋር ምን አጣላህ?» ትሉኝ ይሆናል። አጭር ነኛ! ስንት ትሆናለህ እንዳትሉኝ ብቻ። ሴት ልጅ ዕድሜዋን፣ አጭር ሰው ቁመቱን አይጠየቅም። እንዲያው በደፈናው ባጃጅ ውስጥ ስገባ ጎንበስ ብዬ አላውቅም ልበላችሁ።

እናቴ «ብርዱ ነው ያሳጠረህ» ትለኛለች። የስሜን ተራራ ብርድ የበላው ልጅ አያድግም አሉ። ይህንን አምኜ ብዙ ዓመት በሰላም ኖርኩ። ከዚያ የመምህራን ጉዞ ተብሎ ተራራው ላይ፣ ጊች ወጣን። የጊች ብርድ አጥንት ይገባል። እዚያ ብርድ ላይ ጅብራ የሚሉት ተክል ምን አክሎ ቆሟል መሰላችሁ? ሁለት እኔን! ያውም ቅጠል ነው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ስለ ብርድ ስታነሳ መልስ አልሰጥም። ዝም አይነቅዝም።

ሙያዬ የሂሳብ መምህርነት ነው። ለአጭር ሰው ከዚህ የባሰ ሙያ የለም። ለምን ቢሉ፣ ሰሌዳ የሚሉት ጉድ አለ። የሰሌዳው የታችኛው እኩሌታ የኔ ነው፤ የላይኛው እኩሌታ የተማሪዎቼ። ሚሊሜትር፣ ሴንቲሜትር እያልኩ የርዝመት መለኪያ ባስተማርኩ በሳምንቱ ስም ወጣልኝ፤ «ቲቸር ሚሊ»። በትልልቅ ፊደል የት ጻፉት? እጄ የማይደርስበት ላይ ነዋ! ወንበር ላይ ወጥቼ እንዳላጠፋው፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ያንኑ ነው። ስለዚህ አንድ ሳምንት ሙሉ ከስሜ ስር ቆሜ ማካፈል አስተማርኩ።

አርብ ዕለት በሩ ተንኳኳ። አዲሷ የባዮሎጂ መምህርት ጠመኔ ልትዋስ መጣች። ትርንጎ ትባላለች፣ የዳባት ልጅ ናት። በሩን ጎንበስ ብላ ነው ያለፈችው። ጠመኔውን ተቀበለችኝ፤ ሰሌዳውን አየት አደረገች፤ ከዚያ ምንም ሳትል እጇን ዘርግታ በመዳፏ ጥርግ አድርጋ አጠፋችውና ወጣች። አልሳቀችም። ተማሪዎቹም አልሳቁም። እኔ ግን አለቀልኝ። ሰው በመልክ ይያዛል፣ በጨዋታ ይያዛል፤ እኔ ሰሌዳ በማጥፋት ተያዝኩ።

ወደየቤታችን የሚወስደው መንገድ አንድ ነው። መንገዱ ጉብታውን ታክኮ ስለሚሄድ አንዱ ዳር ከፍ፣ ሌላው ዳር ዝቅ ይላል። የመጀመሪያውን ቀን ሳላስበው ከፍ ባለው ዳር ሄድኩ። ዞር ብዬ ሳያት ትከሻችን እኩል ነው! ተራራ የፈጠረ አምላክ ይመስገን አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፍ ያለው ዳር የኔ ሆነ። ቆመን ስናወራ ድንጋይ ፈልጌ እወጣለሁ። ሻይ ቤት ቀድሜ ደርሼ ተቀምጬ እጠብቃታለሁ፤ መቼም ተቀምጦ የሚያጥር የለም። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ፎቶ የተነሳን ቀንማ ቁልቁለቱን ለእሷ ትቼ እኔ ከላይ ቆምኩ። ፎቶውን ያየ ሰው ሁሉ «ታላቅ ወንድሟ ነህ?» ይለኛል። ኮራሁ።

ለሜዳው ደግሞ ሌላ ዘዴ ዘየድኩ። ካርቶን በእግሬ ልክ ቆርጬ፣ አራት አምስቱን ደራርቤ ጫማዬ ውስጥ ከተረከዜ ስር ጠቀጠቅሁት። ሁለት ጣት ጨመርኩ። ታዲያ ሰኔ ገባና አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንወጣ ዝናቡ ወረደብን። የግራው ካርቶን ውሃ ጠጥቶ ሟሟ፤ የቀኙ ንክች አላለም። አንድ እግሬ ረጅም፣ አንድ እግሬ አጭር ሆኖ ማነከስ ጀመርኩ።

ትርንጎ ደንግጣ ምን ሆንክ አለችኝ። ወለም አለኝ አልኳት። ምን ልበላት? እሷ ደግሞ እጄን ይዛ እየጎተተች አያ ፈንታ ዘንድ ወሰደችኝ፤ አያ ፈንታ ማለት የሰፈራችን ወጌሻ ናቸው። እሷን ደጅ አስቀሩና ጫማዬን አወለቁት። የካርቶን ገንፎ ዝርግፍ አለ። ገንፎውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በበሩ ስንጥቅ ትርንጎን ከእግሯ እስከ ራሷ አዩ። ገባቸው። «ወለምታ ነው እንግዲህ!» አሉ፣ ደጅ እንዲሰማ ጮክ ብለው። ከዚያ ደህናውን ቁርጭምጭሚቴን ቅቤ ቀብተው ይጠመዝዙት ጀመር። ኡኡ አልኩ። ጆሮዬ ስር ጠጋ ብለው «ቻለው ልጄ፣ ውሸት ሥር ሳይሰድ ነው የሚነቀል» ይሉኛል። ስገባ ደህና የነበርኩ ሰውዬ ስወጣ የእውነት አነከስኩ። አስር ቀን!

ይህ ሁሉ ሆኖ ተማርኩ? አልተማርኩም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በሁለተኛው ዓመት ትርንጎ ዳባት ወስዳ ለቤተሰቧ ልታሳየኝ ፈለገች። የቤታቸው መንገድ ደግሞ ሜዳ ነው፤ አጣርቻለሁ። ለገና ጠራችኝ፣ ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። ለጥምቀት ጠራችኝ፣ ፈተና አርማለሁ አልኩ። በጥምቀት ማን ፈተና ያርማል? ለፋሲካ ስትጠራኝ ሆዴን አልኳት። ቅዳሜ ገበያ ድንገት ፊት ለፊት ከመጣች ቁጭ ብዬ የጫማ ማሰሪያ አስራለሁ። ማሰሪያ በሌለው ጫማ።

ግንቦት ላይ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ወሬው ደረሰኝ። ትርንጎ ወደ ዳባት የዝውውር ቅጽ ሞልታለች። እግሬ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ ብቻዋን አገኘኋት። ለምን? አልኳት። ትርንጎ ስትናደድ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

«ከእኔ ጋር መታየት ታፍራለህ» አለችኝ። «ልጅ ሆኜ የስልክ እንጨት ይሉኝ ነበር። እናቴ ጎንበስ በይ፣ ባል ታጫለሽ ትለኝ ነበር። አንተ ስትመጣ፣ ይኸስ አይሸሸኝም ብዬ ደስ አለኝ። ለካ አንተም ሰው ፊት ስንደርስ የምትደበቅ ነህ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከፍ ያለውን ዳር ይዘህ እኔን ቦይ ለቦይ አስኬድከኝ። ጫማዬ ከጭቃ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን ምን አልኩህ?»

ዓይኔ ወደ እግሯ ሄደ። እውነትም ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ጫማዬ ሳሰላስል የእሷን ጫማ አንድ ቀን አላየሁትም። አፈርኩ። ይኸኛው እፍረት ከቁመት ጋር አይገናኝም። «በራሴ ነው የማፍረው» ብላት ሦስት ቃል ነበረች። ቃሏ አልወጣችም፤ እኔ ወጣሁ።

የሚይዙት የሚጨብጡት ሲጠፋ ሰው ወዴት ይሄዳል? ወደ አባቱ። አባቴ ከደባርቅ ወጣ ብላ ባለች ደብር ያገለግላሉ። ቁመቴን ያወረሱኝ እሳቸው ናቸው። ሁሉንም ዘርግፌ ነገርኳቸው፤ ካርቶኑን ሳይቀር። ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙኝና «ትዕቢት ነው» አሉኝ።

«አባባ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ ባየሁ ምኑ ነው ትዕቢቱ?» አልኳቸው።

«ራሱን ዝቅ ያደረገ ሰውማ ድንጋይ ለድንጋይ አይንጠላጠልም። ያ ዛፍ ላይ የወጣው አጭር ሰውዬ ተረሳህ? ቁመቱ ቢያጥረው ጌታን ልይ ብሎ ዛፍ ላይ ወጣ። ጌታችን ሲያየው ጎሽ፣ እዚያው ሁን አለው? ቤትህ ልገባ ነውና ውረድ ነው ያለው። አንተ፣ ሰው ቤትህ ልግባ እያለህ ዛፍ ላይ ተሰቅለህ ዳር ይዣለሁ ትላለህ!»

ከዚያ እናቴ ጓዳ መሆኗን አረጋግጠው ድምጻቸውን ቀነሱ። «እኔም እናትህን ልወስድ የሄድኩ ዕለት በቅሎ ላይ ሆኜ ነው የታየሁ። ከበቅሎዋ ስወርድ ሠርገኛው ጉድ አለ» አሉኝ።

በማግስቱ ትርንጎ ቤት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ድንጋይ ነበር፤ አልወጣሁበትም። ሦስቷን ቃል አወጣኋት። በራሴ ነው የማፍረው። አመነችኝ ወይስ አላመነችኝም? ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም፤ ፊቷ ሩቅ ነው። በመጨረሻ ዝውውሩን እስከ ሰኞ ማሰረዝ እንደሚቻል ነገረችኝ። «ግን መጀመሪያ ቅዳሜ ገበያ፣ በአስፋልቱ መሃል» አለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸ ነው።

ቅዳሜ ወጣን። ካርቶን የለ፣ ድንጋይ የለ። ከገበያው ወደ መናኸሪያው፣ በሜዳው፣ ጎን ለጎን። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል እንደሚሉት በዚያ ብርድ አላበኝ። ከኋላችን አንዱ ተማሪዬ «ሚሊና ሜትር!» ብሎ ጮኸ። ቢያንስ ትምህርቱ እንደገባቸው ተረዳሁ። ትርንጎ ግን ፊቷ ጠቆረ፤ ልትመለስ ዞር አለች።

ይኸኔ በቅሏቸው ላይ ገብስ የጫኑ አንድ የጊች አዛውንት መንገዱን ዘግተው ቆሙ። በቅሎዋን አረጋግተው፣ እኛን ደግሞ እያፈራረቁ አይተው፣ በዚያ በዝግታ በሚወርድ አነጋገራቸው ሰላምታ ሰጡን።

«እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ? እግዚአብሔር ይመስገን። ልጄ፣ ይህች ታላቅ እህትህ ናት?»

አፌ ቀደመኝ። «ሚስቴ ናት!» አልኩ። ልብ በሉ፣ ገና አልጠየቅኳትም።

«ይባርካችሁ!» አሉ አዛውንቱ፣ ሳይስቁ። «ረዥም ሚስት ደግ ነው። ቆጥ ላይ ያለውን እሷ ታወርዳለች፤ አልጋ ስር የገባውን አንተ ታወጣለህ። ከቤታችሁ ዕቃ አይጠፋም።» በቅሏቸውን ነድተው ሄዱ።

ትርንጎን ፈራ ተባ እያልኩ ቀና ብዬ አየኋት። አልሄደችም። «ምን አልካቸው?» አለችኝ። ደገምኩላት። ከዚያ ያየሁትን እንዴት ልንገራችሁ? ቀስ ብላ ቀና ማለት ጀመረች። ወገቧ፣ ትከሻዋ፣ አንገቷ፣ ተራ በተራ። አንድ ስንዝር ጨመረች! ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ጎብጣ ነው የኖረችው። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ አልዋሻችሁም። ደስታም ነው፣ ድንጋጤም ነው። እኔ የታረቅኩት ከድሮዋ ትርንጎ ቁመት ጋር ነበር፤ የዚህችኛዋ ማን ነገረኝ?

ከዚያ ከአዲሱ ከፍታዋ ላይ ሆና ወደ ታች አየችኝ። ፈገግ አለች። የፍቅር ቃል ልትነግረኝ ነው ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ።

«ውይ!» አለችኝ በስስት። «አናትህ ላይ እኮ ተመልጠሃል።»

እኔ? መላጣ? እኔን ከላይ ቁልቁል የማያይ ሰው ደባርቅ ውስጥ የለም፤ እስከዚያ ቀን የነገረኝ ግን አንድ ሰው የለም። ፀሐይ እንዳይመታህ ብላ ነጠላዋን አውልቃ አናቴ ላይ ጣል አደረገችልኝ። በገበያ መሃል፣ ተማሪዎቼ እያዩ፣ የሴት ነጠላ ተከናንቤ እስከ መናኸሪያው ሄድኩ። ላወልቀው እጄን አነሳሁና ተውኩት። ሞቆኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ዝውውሩን አሰረዘች። አሁን አንድ ጣራ ስር ነን፤ አዛውንቱ እንዳሉትም ከቤታችን ዕቃ ጠፍቶ አያውቅም። ፍቅር ጉድለት አያይም የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ዝም ብዬ አያቸዋለሁ። ረዥም ሚስት አላገቡማ! ለቁመቴ ፍርዱን ተቀብያለሁ። ለመላጣዬ ግን ይግባኝ ብያለሁ።