አላውቅም ያለችው ሐኪም

እናንተ ሰፈር ዓይን አይቶ በሽታ የሚናገር ሰው አለ? እኛ ዘመሮ ገበያማ ሞልቷል! ቁንጮው በግ ነጋዴው ጋሽ ደምሴ ናቸው። የበግ ዓይን ሲገልጡ ኖረው ኖረው ወደ ሰው ተሻገሩ።

የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመርኩ ሰሞን አንድ ዓይኔ ቀልቶ ደበዘዘ። ጋሽ ደምሴ የዓይኔን ቆብ ገልብጠው፣ "ምች ነው፤ ዳማከሴ ጨምቅበት!" አሉ። ጥርሴንም አዩ። ላት ቢኖረኝ መዳበሳቸው አይቀርም ነበር።

ደብረ ብርሃን ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ በመሣሪያ አይታ፣ "የሰውነት መከላከያ ሲዳከም የሚመጣ፣ እምብዛም የማይታይ ኢንፌክሽን ይመስላል። የትኛው እንደሆነ ገና አላውቅም፤ ናሙና ልውሰድ" አለች።

ጋሽ ደምሴ ይህን ሲሰሙ በሳቅ ፈረሱ። "አላውቅም የምትል ሐኪም ጋ ሄድክ?"

ተመርምሮ ታወቀ፤ ታከምኩ፤ ዳንኩ። በዳነው ዓይኔ መጀመሪያ አጥርቼ ያየሁት የጋሽ ደምሴን ዓይን ነው፤ ፍም መስሏል። ክንዴን ይዘው ከገበያተኛው ገለል አደረጉኝና አንሾካሾኩ፦

"ያቺ የማታውቀዋ ሐኪም... የት ነበር ያለችው?"