ላልቶ የተጻፈው «ይገባሃል»

ሥራዬ ማንበብ ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ የውኃ ቆጣሪ አነባለሁ። ቆጣሪ ደግሞ ምን ታሪክ አለው? መጨረሻው ሁልጊዜ ያው ነው፤ የቤቱ ባለቤት «አልበዛም እንዴ?» ይላል። ስለዚህ ከቦርሳዬ አንድ መጽሐፍ አይጠፋም። ውሻው እስኪታሰር ድረስ በር ላይ ቆሜ ሁለት ገጽ አነባለሁ። ውሻው ክፉ ከሆነማ ምዕራፍ እጨርሳለሁ።

ይህ ጠባዬ ስለታወቀ በር ከመክፈታቸው በፊት «ዘንድሮ ምን አነበብክ? ምን ላንብብ?» የሚሉኝ በዝተዋል። እኔም መጽሐፍ ጠቁም ሲሉኝ ደስታዬ ልክ የለውም። ጠቋሚ የሚለው ስም ደስ አይልም እንጂ ሥራው ጥሩ ነው።

እንግዲህ ከዘንድሮዎቹ አንዱ የወንጀል ልብ ወለድ ነው። መናኸሪያው ፊት ለፊት መሬት ላይ መጽሐፍ ከሚዘረጋው ሰውዬ ነው የገዛሁት። እንዴት ያለ መጽሐፍ መሰላችሁ! ምሳ አስረሳኝ። መርማሪው የገዳዩን በር ሲያንኳኳ፣ በሩም ሲከፈት፣ መጽሐፉ አለቀ። አለቀ ስላችሁ ተገንጥሏል፤ የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉም። እየሮጥኩ ወደ ሻጩ ሄድኩ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ይኸን ሁሉ አንብበህ ገዳዩን ካላወቅኸው ጥፋቱ የኔ ነው?» አይለኝም መሰላችሁ! ያም ሆኖ ለሰው ሁሉ ጠቆምኩት። አሁን በሰፈራችን አራት ሰዎች አንብበውት አራት ገዳይ ተገኝቷል። ፋርማሲ ያላት ጎረቤቴ የምትጠረጥረው መርማሪውን ራሱን ነው። እኔ የሟቹን የወንድም ልጅ ነው የምለው፤ በዚህ የተነሳ ለሁለት ቀን ያህል ተኳርፈናል።

ሌላው ስለ ስኬት የተጻፈ መጽሐፍ ነው። በሠላሳ ቀን ሌላ ሰው ትሆናለህ ይላል። እኔ ስድስተኛው ቀን ላይ እንቅልፍ ስለወሰደኝ ለፀጉር አስተካካዬ ሰጠሁት። «አይሆንም ማለትን ልመድ» የሚል ምዕራፍ አለው። ወዳጄ ልምምዱን በማን ቢጀምር ጥሩ ነው? በዓል ዋዜማ ወረፋ ሳልይዝ እንደ ልማዴ ዘው ስል «አይሆንም» አለኝ። ፈገግ እንኳ አላለ። ጎፈሬዬን ይዤ በዓል ዋልኩ። ደህና መጽሐፍ ነው፤ ግን ለሚያገለግላችሁ ሰው አትስጡ።

ግጥም ደግሞ መኪና ላይ አንብቡ። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ስትሄዱ ልብ ወለድ ብትገልጡ ማንኩሳ ሳትደርሱ ያቅለሸልሻችኋል። ግጥም ግን አጭር ነው፤ አንዷን አንብባችሁ በመስኮት የሰውን ማሳ እያያችሁ ታላምጣላችሁ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲያ እያልኩ ነው ቡሬ የምሄደው። የምሄደው ለይበልጣል ነበር።

ይበልጣል የልጅነት ጓደኛዬ ነው። አንድ ግቢ ነው ያደግነው። ዛሬ ቡሬ ውስጥ በር እና መስኮት ይበይዳል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብየዳውን ይዘጋና አንዳችን እያነበብን አንዳችን እንሰማለን። ለስንት ዓመት! ከዚያ ባለፈው ጥር አገባ። አንደኛ ሚዜው እኔ ነበርኩ። ሙሽራዋ ስመኝ ትባላለች፤ ገበሬ እየዞረች የምታስተምር የግብርና ባለሙያ ናት። ዝምተኛ ናት። ቅዳሜያችንም ቀስ በቀስ ቀረ። አንድ ቀን ዘመድ ጥየቃ፣ አንድ ቀን ለቅሶ፣ አንድ ቀን ድካም። አዲስ ሙሽራ ነው፣ ምን ይባላል?

ከፋሲካ በኋላ አንድ ልብ ወለድ እጄ ገባ። የዘንድሮ ምርጤ እሱ ነው። በሰው ጉዳይ ሁሉ ጥልቅ ስለምትል አሮጊት የተጻፈ ነው። ርዕሱ «ምን አገባት» ይላል። እያነበብኩ ብቻዬን ሳቅሁ። ልጆች ሳለን እያንዳንዷን ጥፋታችንን ለእናቶቻችን የምታደርስ ጎረቤት ነበረችን፤ ቁርጥ እሷን! ይህን ከይበልጣል በቀር ማን ይረዳልኛል? ብዕሬን አወጣሁና የፊተኛው ገጽ ላይ፣ ከርዕሱ ሥር፣ «ይበልጤ፣ ይገባሃል» ብዬ ጻፍኩ። ቅዳሜ ይዤ ሄድኩ። ይበልጣል ብረት ሊገዛ ባሕር ዳር ወጥቶ ነበር። ስመኝ ግባ ብትለኝ ቸኩያለሁ አልኩና መጽሐፉን በር ላይ ሰጥቻት ተመለስኩ።

አሁን ገጹን እንደ ስመኝ ሆናችሁ አንብቡት። ከላይ «ምን አገባት»። ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ «ይበልጤ፣ ይገባሃል»። እኔ ላልቶ ነው የጻፍኩት፣ ትረዳዋለህ ለማለት። ፊደላችን ግን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። ስመኝ ደግሞ የጎጃም ልጅ ናት፤ ሰው አንድ ነገር ሲላት ሁለተኛውን የምትፈልግ። አጥብቃ አነበበችው። «ምን ብሎ አገባት? ይበልጤ፣ የእጅህን ነው ያገኘኸው!» ሆነላት። ሚዜው ይህን ጽፎ በገዛ እጇ አስጨበጣት!

እኔ በምን ልወቀው? ይበልጣል ስልኬን ማንሳት ተወ። አንድ ቅዳሜ፣ ሁለት ቅዳሜ። ነገሩን የሰማሁት ከሐጂ ሰይድ ነው። ሐጂ ቡሬ ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ሱቃቸው ከይበልጣል ብየዳ ጋር ግድግዳ ይጋራል። «ልጄ፣ ምን ጽፈህ ነው ልጅቱን ያስለቀስካት?» አሉኝ።

ሽማግሌ ላክሁ። ሐጂ ሰይድንና የኔታ ልሳነወርቅን። የኔታ ቅኔ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። መጽሐፉን ሳላይ አልፈርድም ብለው ወሰዱት። ሦስት ሳምንት! ስደውልላቸው «ቆይ እስቲ፣ አሮጊቷ አጥር ልትዘል ነው» ይሉኛል። ቀጥሎ ሐጂ ተረከቧቸው። ሐጂ መነጽራቸው ስለተሰበረ ሚስታቸው ናቸው የሚያነቡላቸው፤ ሴትዮዋም የሚያዝናናው ላይ ሲደርሱ ለብቻቸው ወደፊት ያነባሉ አሉ። እኔ እዚህ ጓደኛዬን ላጣ ነው፣ ዳኞቼ እዚያ ይስቃሉ። ወይ ጉድ!

በመጨረሻ ይበልጣል ቤት ተቀመጥን። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ስትጽፋት ገን አጥብቀህ ነው አላልተህ?» አሉኝ።

«አላልቼ ነው፣ የኔታ!»

«ማን ሰማህ?»

ማን ይሰማኛል? ብቻዬን ነው የጻፍኩት። ያን ጊዜ ስመኝ ጓዳው በር ላይ ቆማ፣ ቀስ ብላ፣ «እኔ ስትጠብቅ ነው የሰማኋት» አለች። ይበልጣል መሬት መሬት ያያል። ሐጂ «ገን ተዋትና ይቅርታ በል፣ ነገሩ ይለቅ» አሉኝ። እኔ ግን ግትር አልኩ። ባላጠፋሁት? መጽሐፍ መጽሐፍ ነው፣ እንደ ተጻፈ ይነበባል፣ አንብበው የሳቁበትን እናንተም ታውቃላችሁ ብዬ ተከራከርኩ። የኔታ ትክ ብለው አዩኝና «ሰሙስ ላልቷል። ወርቁን ጸሐፊው ያውቃል» አሉ።

ያች አነጋገር ወጋችኝ። ምን ያህል እንደተናደድኩ አትጠይቁኝ። ደግነቱ የሽማግሌ ነገር፣ ተነሱ ተባልን፣ ለአፍ ያህል ይቅርታ አልኩ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ስመኝ «እሽ» አለች። እሽታዋ ግን ቅጽ ላይ እንደሚፈረም ያለ ነበር። ይበልጣልም ቅዳሜ ና አላለኝም። ልወጣ ስል ስመኝ ከጓዳ አንድ መጽሐፍ ይዛ ብቅ አለችና «እንካ፣ ትርፍ ጊዜ ካለህ አንብበው» ብላ ሰጠችኝ።

መኪና ውስጥ ቦርሳዬን ከፍቼ ብመለከት፣ ስለ አህያ አያያዝ የተዘጋጀ የሥልጠና መጽሐፍ ነው።

አህያ! ይኸውላችሁ፣ ተሰደብኩ። መጽሐፍ እንደ ተጻፈ ይነበባል ያልኩት ሰውዬ በየገጹ ወርቅ ፍለጋ ገባሁ። የሥዕሉ አህያ እኔን ይመስላል? ጆሮው? «ግትር የሚባለው ስለሚፈራ ነው» ይላል አንድ ቦታ። ለእኔ ነው! ማንኩሳን ስናልፍ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረበት ዓረፍተ ነገር ላይ ደረስኩ። «አህያ ሲታመም ስለማይጮኽ ደህና ይመስላል። ባለቤቱ ቀርቦ ጀርባውን ሊያይ ይገባል።» ይቺ ይገባል ያለ ጥርጥር ጠብቃ ነው የምትነበበው።

መጽሐፉን አጠፍኩት። እውነት ለመናገር ስመኝን ቀርቤ አይቻት አላውቅም። ግባ ስትለኝ አልገባሁም። መጽሐፍ ስሰጥ ለእሱ እንጂ ለሁለታችሁ አላልኩም። የባሰውንም ልንገራችሁ። ሰርጉ ሲነገረኝ፣ አፌ እንኳን ደስ ያለህ ሲል፣ ልቤ «አሁን ይቺን ምን ብሎ አገባት?» ብሏል። ቅዳሜዬን የወሰደችብኝ መስሎኝ። ገ ጠብቃ ነበር እኮ! እኔ ራሴ አልሰማኋትም እንጂ።

ፍኖተ ሰላም እንደወረድኩ መናኸሪያው ውስጥ ቆሜ ደወልኩላት። «ስመኝ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ያሁኑ የሽማግሌ አልነበረም። ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ የቅዳሜውን፣ የቅናቱን፣ በር ላይ ጥያት መመለሴን። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ «ምን ሆነህ ነው?» አለች።

«በቀይ ያሰመርሽበትን አንብቤ ነዋ።»

ሳቋ መጣ። ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ ለካ ትንፋሽ እስኪያጥራት ነው የምትስቀው። «አንተየ! እሱማ ለብቃት ምዘና ሳጠና ያሰመርኩት ነው! ፈተና ላይ ይመጣል ተብለን!»

«ታዲያ የአህያ መጽሐፍ ለምን ሰጠሽኝ?»

«ያለኝ መጽሐፍ እሱ ብቻ ነዋ። ለታረቀ ሰው ባዶ እጁን ሂድ ይባላል?»

በመናኸሪያው መሐል ቦርሳዬን ታቅፌ ቀረሁ። ያን ሁሉ ምስጢሬን የተናዘዝኩት ለፈተና ጥናት ነው! ከኋላዋ የይበልጣል ድምፅ «ምን አለ? ምን አለ?» ሲል ይሰማኛል። እሷም እየሳቀች፣ ቅዳሜ ምሳ ሠርታ እንደምትጠብቀኝ፣ የአሮጊቷንም መጽሐፍ ከሐጂ አስመልሳ ጮክ ብለን እንድናነብላት ነገረችኝ።

«እሽ፣ እመጣለሁ» አልኳት። «ግን ነገሩ በስህተት ከሆነ ይቅርታዬን መልሽልኝ።»

«ውይ ወንድምየ» አለች፣ «መጽሐፍ እንኳ ወስዶ የመለሰ የለ፣ እኔ ይቅርታ ልመልስ?»