በግድግዳ የገባ ነፋስ

እኛ ከጅብ ይልቅ ነፋስ እንፈራለን። ካላመናችሁኝ በየካቲት ፀሐይ ከጅማ ወደ አጋሮ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሰዉ እንደ ቡና ጆንያ ተጠቅጥቋል፣ ላብ ከግንባር ወደ አገጭ ይወርዳል፣ ከመቀመጫ ሥር የታሰረች ዶሮ ታቃስታለች፤ ከመስኮቶቹ ግን አንዱም አልተከፈተም። እስቲ ደፋር ይክፈተው! ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ እናቶችም በአንድ ድምፅ ይጮኹበታል፤ "ዝጋው! ልታስመታን ነው?" በሙቀት የሞተ ሰው ስም ጥሩ ብትሏቸው አንድም አይጠሩላችሁም። ነፋስ መትቶት የሞተ ግን በየቤቱ አለ።

ሰው በዚህ ሲስቅ እሰማለሁ። እኔ አልስቅም።

በደርግ ጊዜ ጅማ መርካቶ፣ ሐጂ ከድር የሚባሉ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ፍሪጅ እጠግን ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አባት የለኝም፣ እናቴንም ቀብሬያለሁ፣ የማድረው ሐጂ ጨርቅ በሚቆርጡበት ጠረጴዛ ሥር ነው። ስለዚህ ጉዳይ ይህ ይበቃል። የብሔራዊ ውትድርና ዙር ሲመጣ ቀበሌው ዝርዝር ያወጣል። እናት ያለው እናቱ ታለቅስለታለች፣ ዘመድ ያለው አሰንዳቦ ገጠር ይሰወራል። የሚያለቅስም የሚሰውርም የሌለው ዝርዝሩ ላይ ይገኛል።

በዚያ ሰሞን ጓድ ሙሉነህ አስጠሩኝ። ጓድ ሙሉነህ በከተማው ትልቅ ካድሬ ናቸው፤ የሚኖሩትም ከአንድ ቡና ላኪ በተወረሰ ቪላ ውስጥ ነው። ቡና ላኪው የት እንደደረሰ አልተጠየቀም። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተተከለ ኤር ኮንዲሽነር ትቶ ነበር፤ በከተማው ሁለተኛ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ወለሉ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል፣ አየር ግን አይሰጥም።

"ሁለት ባለሙያ ጋዙ አልቋል እያለ ሄዷል። ይህ አሻጥር ነው" አሉኝ ጓድ ሙሉነህ። "ቅዳሜ ከበላይ አካል እንግዶች ይመጣሉ። እስከዚያ እዚህ ቤት ቀዝቃዛ አየር ካልገባ፣ አንተን ቀዝቃዛ አየር ወዳለበት እንልክሃለን። ስምህን ዝርዝሩ ላይ አይቼዋለሁ።"

ሰሜን ብርድ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

ለሐጂ ነገርኳቸው። መርፌውን ከከንፈራቸው አወጡና፣ "ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ" አሉኝ፣ "ማሽኑስ ይጠገናል፤ ሰውየውን በምን ትፈታዋለህ? ቢስሚላህ በልና ሂድ።"

ሐሙስ ጠዋት ሄድኩ። የማሽኑ የውጭ ፊት ከሰፈሩ የቡና መፈልፈያ በሚነሣ የገለባ ትቢያ ተለብጧል፤ ጠርጌ አጠብኩት። ከዚያ ሳሎን ገብቼ የፊቱን መሸፈኛ ፈታሁ። ከማጣሪያው ኋላ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? አሮጌ ጋቢ። በሥርዓት ታጥፎ፣ ዳር ዳሩ በጣት ተጠቅጥቆ፣ እንደ ጥሩ አልጋ ተነጥፏል። አየር ማለፊያ አጥቶ ቱቦዎቹ በረዶ ሠርተዋል፤ ውሃውም የዚያ ነው።

"ተወው! አታውጣው!"

የጓድ ሙሉነህ እናት ናቸው፤ ከበሩ ሥር ቆመዋል።

"እማማ፣ እርስዎ ነዎት?"

"ታዲያ ማን ይሁን? ሰው ግድግዳ ነድሎ ነፋስ ያስገባል? ልጄ እዚያ ወንበር ላይ በላቡ ይቀመጣል። አንድ ቀን ቢመታው ምን ይውጠኛል?"

"ካላወጣሁት እኔ ዘማች ነኝ፣ እማማ።"

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣ "እናትህ አለች?" አሉኝ።

"የለችም።"

እጃቸውን ዘርግተው ጋቢውን ተቀበሉኝ። "እንግዲህ እሱ ያውቃል። እኔ መሆኔን ግን ለልጄ አትንገረው" አሉ። አልነገርኩም። ጓድ ሙሉነህ ሲመጡ "ትቢያ ነው" አልኩ፤ ትቢያም ነበረበት። ማሽኑ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ እንደ አዲስ ሠራ። ጓድ ሙሉነህ ኮታቸውን አውልቀው ከሥሩ ተቀመጡ። "አብዮቱ ባለሙያ አያጣም" አሉ። እያፏጨሁ ወደ መርካቶ ወረድኩ።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ዓርብ ጠዋት የቀበሌ ጥበቃ መጥቶ ከጠረጴዛው ሥር አስነሣኝ።

ጓድ ሙሉነህ ሁለት ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። አንገታቸው ወደ ግራ አልዞር ብሏል፣ አፍንጫቸው ይፈስሳል፣ እናታቸው ዳማከሴ አሽተው አፍንጫቸው ላይ ይዘዋል። ያ የታጠፈ ጋቢ በላይ በኩል ተደርቧል። አለቀልኝ አልኩ።

"እማዬ፣ አንዴ ውጪልን" አሉ። በሩ ሲዘጋ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ስማ። ሊገድለኝ ነበር።"

"ላጥፋው ጓድ?"

"እንዴት ይጠፋል? ነገ እንግዶች አሉ! በከተማው እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው።" ወደ በሩ አዩ። "ድምፁ ይኑር። ነፋሱም ትንሽ ትንሽ ይኑር። ብርዱ ብቻ ይቅር። ይቻላል?"

የኮምፕሬሰሩን፣ ብርዱን የሚሠራውን ሞተር፣ አንዲት ሽቦ መንቀል ነው። ማራገቢያው ይዞራል፣ ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ሌላ የለም። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ ግን አንድ ሰዓት ቆየሁበት። ሥራ ሲቀልል ሰው አያከብረውም።

ቅዳሜ፣ ምናልባት ቢቆም ተብሎ፣ ከውጭ ከማሽኑ ጀርባ አቆሙኝ። ቅዝቃዜው እንዳይባክን መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ። አሥራ አንድ ሰው ወፍራም የካድሬ ልብሱን እስከ አንገቱ ቆልፎ እዚያ የጅማ ወበቅ ውስጥ ተቀመጠ። በማሽኑ ቀዳዳ ወሬው ሁሉ ይሰማኛል።

"እንዴት ያለ አየር ነው!" አለ አንዱ።

"ደጋ የገባን ነው እኮ የመሰለኝ" አለ ሌላው።

ቀጥሎ አንድ ወፍራም ድምፅ፣ አለቃቸው መሰለኝ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጓድ ሙሉነህ፣ ካላስቸገርን ትንሽ ይቀነስልን። አንገቴን እየመታኝ ነው።"

ሰኞ ዕለት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደረሰኝ፦ "ለመንግሥት ንብረት ጥበቃ የሚያስፈልግ ባለሙያ።" ዙር በመጣ ቁጥር መፍቻዬን ይዤ ቪላው እሄዳለሁ፣ የተነቀለችው ሽቦ እንደተነቀለች መሆኗን አረጋግጣለሁ፣ እማማ ሻይ ያጠጡኛል። ሦስት ዙር እንዲህ አለፈኝ። መሸፈኛውን ስፈታ ያ ጋቢ ቦታው ተመልሶ አገኘዋለሁ። እጥፋቱን አስተካክዬ እዘጋበታለሁ።

ሐጂ፣ "አልሐምዱሊላህ በል እንጂ! ምን ያስተክዝሃል?" አሉኝ አንድ ቀን።

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ለቀበሌው ግን ከላይ የሚላክለት የስም ዝርዝር አልነበረም፤ ይህን ያህል ወጣት አምጣ የሚል ቁጥር ነው። ቁጥሩ ደግሞ በእኔ ምክንያት አልጎደለም። በስሜ ቦታ የማን ልጅ እንደተጻፈ አልጠየቅሁም። ያኔም፣ ዛሬም።

እና እባካችሁ፣ አውቶቡስ ውስጥ "መስኮቱን ዝጋው!" ሲባል ከመስኮቱ ዳር የተቀመጠ፣ አንዲት ቃል ሳይናገር የሚዘጋ ሽማግሌ ካያችሁ አትሳቁበት፤ እኔ ልሆን እችላለሁ።